መርዶ ያልተነገረለት ኮሎኔል

እኔ ወሬ የማወራ ሴት አይደለሁም። የሎስ አንጀለስ አበሻ የሚውልበት ፌርፋክስ ላይ ማንንም ጠይቁ፤ ስሜን ይነግሯችኋል እንጂ ስለ እኔ ሌላ የሚነግሯችሁ የላቸውም። ስላልነገርኳቸው ነው። አሁንም ብዕር ያነሳሁት ብዙነሽ ነገሩን በራሷ መንገድ እያዞረች፣ እኔን የጉዱ ሁሉ መነሻ አድርጋ ከቫን ናይስ እስከ ኢንግልውድ ስላዳረሰችው ነው። ሰው ስሙ ከተነሳ አይቀር በትክክል ይነሳ።

የብዙነሽ ልጅ ማህሌት የክርስትና ልጄ ናት። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ኢንጂነር ሆነች። አምና ሃውቶርን ያለ፣ ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ ነገር የሚሠራ አንድ ድርጅት ቀጠራት፤ የድሮ ሥራዋን ለቅቃ ገባች። ምን እንደሚወነጨፍ አልጠየቅኳትም። ብቻ ሥራው የመንግሥት ምስጢር ስላለበት «ክሊራንስ» የሚባል ፈቃድ ካላገኘች እንደምትሰናበት ነገረችኝ። ክሊራንስ ማለት መንግሥት ዘመድሽን ቆጥሮ፣ ጎረቤትሽን ጠይቆ፣ ባሕር ማዶ ማን እንዳለሽ አጣርቶ፣ ከዚያ በኋላ ምስጢር ትይዛለች ወይም አትይዝም ብሎ የሚፈርድበት ነገር ነው። እኛም ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እነሱ ለሥራ መቁጠራቸው አልገረመኝም። የገረመኝ ቆጠራው እኔ ቤት መድረሱ ነው።

ከብዙነሽ ጋር አንነጋገርም። ማህሌትን ክርስትና ያነሳኋት ሳንጣላ በፊት ነው፤ ክርስትና ደግሞ እንደ ጫማ ደረሰኝ ይዘው ሄደው አይመልሱትም።

መርማሪው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከፖሊስነት ጡረታ ወጥቶ ቤት መቀመጥ የሰለቸው የሚመስል ሰው ነው። መታወቂያውን አሳየኝ። መነጽሬን አምጥቼ አነበብኩት፤ ገልብጬም አየሁት። ሻይ ላምጣልዎ ብለው አልቀበልም አለ፤ ውሃ ብለው እሱንም አልቀበልም አለ። ከሰው ቤት ውሃ የማይጠጣ ሰው ምን አስቦ ነው የመጣው ብዬ ያን ጊዜ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያስ ተጠንቅቄ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ቀበሌ መጥቶ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል እያለ የጠየቀኝ ሴት ነኝ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ አላየሁም። ማህሌትን ያውቋታል ወይ ቢለኝ፣ የትኛዋን አልኩት። ክርስትና አንስተዋታል ተብያለሁ ቢለኝ፣ እሱማ አዎ አልኩ። እንግዲያው ከተወለደች ጀምሮ ያውቋታል ማለት ነው አለኝ። «ከሰማንያ ቀኗ ጀምሮ ነው» አልኩት፤ «ከዚያ በፊት ስላደረገችው ነገር ኃላፊነት አልወስድም።»

ጻፈው።

ሁለት ዜግነት አላት ወይ ሲል ጠየቀኝ። የለባትም አልኩት። ታዲያ ይህ ቢጫ ካርድ የሚባለው ምንድን ነው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የሰጣት አይደለም ወይ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ አስረዳሁት። ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም፤ የቪዛ ሰልፍ ማምለጫ ነው። አገራችን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ ቀናተኛ ናት። ሌላ አገር ያየ ልጅ ከቤቴ ይውጣልኝ ትላለች። ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሠርግና ለለቅሶ ሳይመጣ እንዳይቀር ቢጫ ካርድ ትሰጠዋለች። ሰውዬው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሰው ሲሰማኝ እላላለሁ፤ ይህ ድክመቴ ነው። ብዙ ሰው ስለማይሰማኝ እስከዚያን ቀን ድረስ ጉዳት አላመጣብኝም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ውጭ አገር ዘመዶቿ መጣ። «የእናቷ ወንድም፣ ኮሎኔል ንጉሤ። የአየር ኃይል ጡረተኛ፣ ደብረ ዘይት ነዋሪ። ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?»

«ሞቷል» አልኩት።

ይህን ቃል ሳወጣ ምን ያህል እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ንጉሤ የሞተው በፍልሰታ ነበር፤ ይህን የምናወራው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በዚህ መሀል ከእህቱ ከብዙነሽ በቀር ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ አበሻ አልነበረም። መጀመሪያ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ተባለና ቆየ። ደም ግፊቱ ሲወርድ እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ በዓመት መባቻ መርዶ አይነገርም። ከዚያ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ቁስሉ ይድረቅ ተባለ። ቁስሉ ሲደርቅ ገና መጣ። ንጉሤም እስከዚያው በሕይወቱ ረግጦት የማያውቀውን ጠበል ሁሉ ሲዞር ከረመ። ብዙነሽ በደወለች ቁጥር ሚስቱ፣ ስልክ የማይሠራበት ገዳም ገብቷል ትላታለች። ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ቤት ኖሮ፣ ሲሞት ባሕታዊ ሆነ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ከሻማ ጋር የወጣ ጊዜማ ማህሌት የእናቷን ስልክ፣ አፕዴት ላድርግልሽ ብላ ወስዳ ሳምንቱን ሙሉ ሳትመልስላት ቆየች።

እኔም ይህን ሁሉ ጊዜ አፌን ይዤ ነበር። ለአንድ ፈረንጅ፣ ያውም ንጉሤን በስም እንጂ በመልክ ለማያውቅ፣ ሞቷል ብል ምን ይጎዳል አልኩ።

መርማሪው ወረቀቱን ገለጠ። ወደ ኋላ ተመልሶ ገለጠ። «ማህሌት ባለፈው ሳምንት ስጠይቃት በሕይወት አለ፣ ደህና ነው ብላኛለች» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ብልህ ነው። እኔ ግን፣ «የሞተው ሌላው ንጉሤ ነው» አልኩት።

«ሁለት ኮሎኔል ንጉሤ አለ?»

«አንዱ ሻምበል ነው።»

ብዕሩን አነሳ። አንድ ወታደር አጎት የነበራት ልጅ በእኔ አፍ ሁለት ልታፈራ መሆኑን ሳይ ፈጥኜ ወደ እውነቱ ተመለስኩ። ንጉሤ አንድ ነው፣ ሞቷል፣ ግን ገና አልተነገረም አልኩት። ለማን አለ። ለእህቱ አልኩ። ታዲያ ማን ያውቃል አለ። ሁሉም አልኩ። ልጅቷስ ታውቃለች አለኝ፤ አዎ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆና አልቅሳለች አልኩት። ሰውዬው ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ብሎ እንደገና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን በጥሞና ሰማሁ። ውጭ አገር አጎት መኖሩ ነውር አይደለም፤ በዚህ ከተማ ውጭ አገር አጎት የሌለው ማን አለ። ኮሎኔልም ቢሆን ይታያል። የማይታለፈው ለመርማሪ መዋሸት ነው፤ ሥራዋን የሚያሳጣት እሱ ነው አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ማህሌት አጎቴ ሞቷል ብትል ኖሮ ከዘመዶቿ መሀል እነሱን የሚያሳስበው አንድ ሰው በራሱ ጊዜ ተቀንሶላት ነበር። የሞተ ኮሎኔል ማንንም አይሰልልም። ልጅቷ ግን የሚጠቅማትን ሬሳ አስነስታ፣ ዩኒፎርም አልብሳ፣ መንግሥት ፊት አቆመችው።

መርማሪው ሐሙስ እናትየዋን አነጋግራለሁ አለ። የንጉሤን መርዶ የአሜሪካ መንግሥት ሊያረዳት ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ ውሃ እንኳን የማይጠጣ ሰው ተልኮ። መርዶ በንጋት እንደሚነገር፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አዛውንት ተመርጦ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ እንደሚነገር ነገርኩት። ሰው ብቻውን አይረዳም፣ እስከ ሰኞ ይስጡን ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱ ላይ ሐሙስን ሰርዞ፣ «ሰኞ ጠዋት» አለኝ። ከዚያም አደራዬን ሳልጨርስ፣ ለማንም አልናገርም፣ ሥራዬ ነው አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሩን ዘግቼ ስመለስ ከድንጋጤው ሥር አንዲት ትንሽ ደስታ ነበረች። ለምን መሰላችሁ፤ አባቴ የሞቱ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ንጋት ተቀጣጥረውልኝ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ገበያ ውስጥ፣ ሽሮና በርበሬ ከተደረደረበት ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ብዙነሽ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና፣ «አይዞሽ፣ አባባ ዕድሜ ጠግበው ነው» አለችኝ። ምስር በእጄ እንደያዝኩ አባቴን በሞት አጣሁ። ካሸሯ ደግሞ ምስሩን ትወስጂዋለሽ ወይስ ትመልሺዋለሽ እያለች ትጠይቀኛለች። ብዙነሽ፣ የሰማሽ መስሎኝ ነው አለች፤ እስከ ዛሬም የምትለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ አሁን የእሷ መርዶ በእኔ እጅ ገባ። ልበቀላት አላሰብኩም። እኔ ያሰብኩት የባሰ ነው፤ መርዶ እንዴት በሥርዓት እንደሚነገር አንድ ጊዜ ላሳያትና ዕድሜዋን ሙሉ ሲቆጫት ይኑር አልኩ።

ማህሌትን ጠራኋት። ከሃውቶርን በዚያ ሁሉ ትራፊክ ድራይቭ አድርጋ መጥታ፣ የሆነውን ስነግራት ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ሶፋዬ ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ምን ልበለው? ማሚ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዳቦ ካልበላህ ብላ ትታገለዋለች። እሱ ደግሞ አንክልሽ እንዴት ነው ይለኛል። ሶ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ማሚ ደህና ነው፣ ጠበል ነው አለችው። ከዛ ዞሮ እኔን አየኝ። ኖ፣ ሞቷል ልበል?»

«ስትሸኚው ውጭ አትነግሪውም ነበር?»

«ስሸኘው? ማሚ ናት እኮ መኪናው ድረስ የሸኘችው። በዚያ ጉልበቷ ደረጃ ወርዳ።»

«በማግስቱስ አትደውዪም?»

«ልደውል ስል አንቺ ቀደምሽኝ።»

ጫማሽን አውልቂ አልኳት።

ጋሼ ተሰማን ፈለግኩ። ጋሼ ተሰማ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ በዚህ ከተማ ያላረዱት ቤት የሌለ አዛውንት ናቸው። በር ላይ ያያቸው ሁሉ ገና ሳይናገሩ ማልቀስ ስለሚጀምር ለሌላ ጉዳይ ሰው ቤት መሄድ ከተዉ ቆይተዋል። የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ እንኳን በፖስታ ነው የላኩት። ከሌሎች ወዳጆች ጋር አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሰብስበን ጉዳዩን ሳቀርብ፣ ሁዳዴው ይለፍና ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሁን አሉ።

«አይሆንም ጋሼ፤ መንግሥት ቀን ቆርጧል» አልኳቸው።

«የትኛው መንግሥት?»

«የአሜሪካ።»

«አሜሪካ በንጉሤ ሞት ምን አገባት?»

እንደገና ከሥር ጀምሬ ሁሉን አስረዳሁ። ሲገባቸው ራሳቸውን ያዙ። ከዚያም ክርክሩ ተነሳ፤ በማን መኪና እንደሚኬድ፣ የቅዳሜ ንጋት ፍሪዌይ ባዶ ይሁን አይሁን፣ ብዙነሽ በምትኖርበት ቫን ናይስ መንገዱ በየትኛው ወገን ፓርክ ማድረግ እንደማይቻል። የአንድ ሰው ሞት ለመናገር ያን ያህል የፓርኪንግ እውቀት የሚጠይቅ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሥርዓቱን ያዝኩ። ቃሉን ጋሼ ተሰማ ይናገራሉ፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ እኔ ከኋላ። ጥቁር ልብስ በመስኮት እንዳይታይ ላዩ ላይ የስፖርት ጃኬት ይደረባል። በሩን ማህሌት ከውስጥ ትከፍታለች።

ቅዳሜ ንጋት ሁላችንም፣ ጋሼ ተሰማም ጭምር፣ ሩጫ ልንወጣ የመጣን መስለን የብዙነሽ አፓርታማ የብረት በር ፊት ቆምን። በሩ ተቆልፏል። ማህሌት ጋ ብንደውል አታነሳም፤ ኋላ እንደሰማሁት እናቷ እንዳትሰማባት ስልኩን ድምፅ አጥፍታበት እንቅልፍ ጥሏታል። ውሻ ይዞ የወጣ አንድ ጎረቤት ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ተጠግተን ሲያየን ቆመ። ጋሼ ተሰማ ኮፍያቸውን አነሱለት፤ ውሻውን እየጎተተ ፈጥኖ ሄደ። ፖሊስ ሳይጠራብን እንመለስ ወይስ እንጠብቅ እያልን ስንሟገት የብረቱ በር ከውስጥ ተከፈተ።

የከፈተችው ብዙነሽ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

«ግቡ» አለች፤ «ብርድ ነው።»

ገባን። ወንበሩ ለሰው ተደርድሯል። ጋሼ ተሰማ ግራ ቢገባቸውም ሥራቸው ነውና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት ጋሼ» አለች ብዙነሽ። «ንጉሤ ከሄደ ቆየ፤ አውቃለሁ። ትላንት ጃኬት ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ሱቅ ነው የገቡት፤ ባለሱቁ ደግሞ ደንበኛዬ ነው። ሰዓቱን ብቻ ነበር የማላውቀው።»

ማህሌት ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ ታውቂ ነበር?»

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

ብዙነሽ እኛን ትታ ወደ ልጇ ዞረች። «አማርኛ በስልክ ያስተማረሽ እሱ ነው። ሞቱን ከሰማሽ ልብሽ ይሰበራል፣ ክሊራንሱ ይበላሽብሻል ብዬ ያዝኩት። ለሰውዬው ደህና ነው ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ደህና ነው ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው» አለች ማህሌት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ስንት ወር የታፈነ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከላይ ፎቅ ያለው ሜክሲኳዊ ጎረቤት ወርዶ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ገብቶ ተቀመጠ።

ለቅሶው በረድ ሲል ግን እኔ ውስጤ አላርፍ አለ። ይህን ያህል ሕዝብ አፉን ይዞ ሳለ የቱ ወሬኛ ነው ያበላሸው? ብዙነሽን ጠጋ ብዬ ማን እንደነገራት ጠየቅኳት።

«አንቺ ነሻ» አለችኝ።

«እኔ?»

«በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ ስንወጣ ስመሽኝ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ አልሽኝ። እኔን ስታዪ መንገድ የምትሻገሪ ሴት! ቤቴ ገብቼ፣ የሞተብኝ ማን ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዛ ለንጉሤ ሚስት ስደውል አሁንም ገዳም ነው አለችኝ። ንጉሤና ገዳም። ያን ጊዜ ለየልኝ።»

አዎ፣ ስሜያታለሁ። ይህን እስካሁን ያልነገርኳችሁ ስላልጠየቃችሁኝ ነው። የወንድሟን ሞት ሳታውቅ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ ስትወርድ አይቼ አንጀቴ አልችል ቢለኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ደግ መሆን እንዲህ ያዋርዳል። ጠላትነቴን እንደያዝኩ ብቆይ ኖሮ ምስጢሩ እስከ ዛሬ አይወጣም ነበር።

ሰኞ መርማሪው ሲመጣ ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሰው ወንበር ሰጠው፤ ከጋሼ ተሰማ ጎን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ኋላ ሁላችንንም በየተራ ወጥ ቤት እያስገባ ጠየቀን፤ ሁላችንም እናውቅ እንደነበር፣ ሁላችንም ዝም እንዳልን መሰከርን። ማህሌት ዋሽቼሃለሁ አለችው፤ ለምን እንደዋሸችም አንድ በአንድ ነገረችው። ተራው የኔ ሲደርስ ጥያቄውን አልጠበቅኩም።

«ይህች ልጅ ምስጢር ትይዛለች ወይ ነው አይደል ያመጣዎት?» አልኩት። «ከእናቷ ጋር አንድ ቤት እየኖረች፣ ከአንድ ድስት እየበላች፣ የአጎቷን ሞት ይዛ ከርማለች። እናቷም እንዲሁ። እርስዎ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ሊያመጡ ነው?»

ምስጢር መያዝና መርማሪን መዋሸት ለየቅል ነው አለኝ፤ ይህንንም እንደሚጽፍ፣ ያንንም እንደሚጽፍ፣ የሚፈርደው ሌላ ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ሲወጣ ማህሌትን ሳሎኑ መሀል አቁሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መልስ ከመስጠትሽ በፊት እናትሽን ከክፍሉ አስወጪ አላት።

«እርስዎ ይሞክሯት» አለችው።

ሊስቅ ሲል ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለውና ተወው።

ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ማህሌት ከስታ አለቀች። በየቀኑ ዛሬ ያሰናብቱኝ ይሆን እያለች ትገባለች፣ ዛሬም አላሰናበቱኝም እያለች ትወጣለች። ፈቃዱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ተሰጣት። ብዙነሽ እልል አለች፤ እኔም ቤቴ ሆኜ፣ ሰው ሳይሰማኝ፣ አልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማህሌት ስለ ሥራዋ አንድ ቃል አትተነፍስም። አይፈቀድላትም። ብዙነሽ መጀመሪያ በምክር፣ ቀጥሎ በኩርፊያ፣ ቀጥሎ በዶሮ ወጥ ሞከረቻት፤ አልሆነም። ወሬ ከእሷ ጀምሮ ለሌላው የሚደርስ ሴት፣ የገዛ ልጇ ጠዋት ተነስታ ምን ልትሠራ እንደምትሄድ አታውቅም።

ባለፈው እሁድ ቤቴ መጣች። ስንት ዓመት ያልረገጠችውን ደጃፍ፣ በዚያ ጉልበቷ። ሻይ ሰጠኋት። ስለ ብርዱ አወራች፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራች፣ ከዚያ ስኒውን አስቀምጣ ጠጋ አለችኝ።

«አንቺ የክርስትና እናቷ ነሽ፤ ለኔ ያልነገረችውን ላንቺ ሳትነግርሽ አትቀርም። ልጄ እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው?»

ማህሌት ለኔም አንዲት ቃል አልነገረችኝም። ተነስቼ በሩ መቆለፉን አረጋገጥኩ፤ መጋረጃውንም ሳብ አደረግኩ። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

«ብዙነሽ» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ «ጊዜው ሲደርስ ጋሼ ተሰማን ይዤ በንጋት እመጣለሁ።»